ክሮፕ ፋክተር፦ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሰላ፣ የት እንደሚያስፈልግ

አንድ ጥሩ ፎቶ አንሺ «ለቤት ውስጥ ፎቶ 35 ሚ.ሜ ሌንስ ይበቃል» ሲል ትሰማላችሁ። ያንኑ ሌንስ ትገዛላችሁ። ካሜራችሁ ላይ ገጥማችሁ ስታዩት ግን ክፍሉ አልገባም ይላል። ጀርባችሁ ግድግዳ እስኪነካ ብታፈገፍጉም ዳር የቆሙት ሰዎች ግማሽ ፊታቸው ተቆርጧል። ሌንሱ አልተበላሸም። ምክሩም ውሸት አልነበረም። የሰውየው ሴንሰር፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚመዘግበው ክፍል፣ ከእናንተው ይሰፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ልዩነት በአንድ ቁጥር የሚነግረን ክሮፕ ፋክተር ይባላል።

ሒሳቡ ማባዛትና ማካፈል ነው፤ ማንም ይሠራዋል። የሚያስቸግረው ቁጥሩ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ቦታ መለየቱ ነው። አብዛኛው ሰው የሌንሱን ሚሊ ሜትር ያባዛና እዚያው ያቆማል። አፐርቸሩ (ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ላይ ሲደርስ ወይ ይረሳዋል፣ ወይ በማይገባበት ቦታ ያስገባዋል። እዚህ ሁለቱንም አብረን እንሠራለን። የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱና አጠገባችሁ አድርጉት።

ሌንሱ የሚጥለው፣ ሴንሰሩ የሚያነሳው

ሌንስ ብርሃን ሰብስቦ ከኋላው ክብ ምስል ይጥላል። ሴንሰሩ ግን አራት ማዕዘን ነው። ከዚያ ክብ ውስጥ እላዩ ላይ ያረፈውን ብቻ ያነሳል። ሰፊ ሴንሰር ብዙ ያነሳል። ጠባብ ሴንሰር መሀል መሀሉን ብቻ ያነሳል፤ ዳር ዳር የወደቀው ብርሃን ሳይመዘገብ ይቀራል።

አንድ የታተመ ፎቶ ዳር ዳሩን በመቀስ ብትከረክሙት፣ የቀረውን ደግሞ በመጀመሪያው መጠን አሳድጋችሁ ብታትሙት፣ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው የቀረበ ይመስላል። አልቀረበም፤ ዙሪያው ስለተቆረጠ ነው። ትንሽ ሴንሰርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ቁረጣው ገና ፎቶው ሲነሳ መፈጸሙ ነው።

ስለዚህ 50 ሚ.ሜ ሌንስ የትኛውም ካሜራ ላይ ቢገጠም 50 ሚ.ሜ ነው። ፎካል ሌንግዝ፣ ማለትም ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈው ቁጥር፣ የሌንሱ የራሱ ባሕርይ ነው፤ ከኋላው ምን ዓይነት ሴንሰር እንዳለ አያገባውም። «ክሮፕ ካሜራ (ጠባብ ሴንሰር ያለው) ላይ 50ው 75 ይሆናል» የሚባለውን አስተካክለን ስንናገረው «50ው፣ ፉል ፍሬም (ሰፊው ሴንሰር) ላይ 75 የሚያሳየውን ያህል ስፋት ያሳያል» ማለት ነው። ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። አፐርቸር ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

መነሻው ለምን 36 በ 24 ሆነ?

ክሮፕ ፋክተር የንጽጽር ቁጥር ስለሆነ የሚነጻጸርበት አንድ መነሻ ያስፈልገዋል። መነሻው 36 ሚ.ሜ በ 24 ሚ.ሜ ነው፤ ዛሬ ፉል ፍሬም የምንለው። ይህ መጠን የመጣው ከሲኒማ ነው። ኦስካር ባርናክ የተባለ የላይትዝ ኩባንያ ባለሙያ 35 ሚ.ሜ ስፋት ያለውን የሲኒማ ፊልም በትንሽ ካሜራ ውስጥ ለፎቶ ተጠቀመበት። የሲኒማው ፍሬም 18 በ 24 ነበር። እሱ እጥፍ አድርጎ 24 በ 36 አደረገው። ካሜራው ላይካ በሚል ስም በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በኋላ የመጡ ፎቶ አንሺዎች ዓይናቸውን ያሠለጠኑት በዚህ ፍሬም ነው። 28 ሲባል ሰፊ፣ 50 ሲባል መደበኛ፣ 85 ሲባል ለፊት ፎቶ የሚሆን ብለው በቃላቸው ያዙት።

ዲጂታል ሲመጣ ግን ያን የሚያህል ሴንሰር መሥራት እጅግ ውድ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዲ1 ሴንሰሩ 23.7 በ 15.6 ሚ.ሜ ነበር። ሰዎች የድሮ ሌንሶቻቸውን እዚህ አዲስ ካሜራ ላይ ሲገጥሙ ሁሉም ሌንስ ጠበባቸው። ምን ያህል እንደጠበበ በአጭሩ መናገሪያ ቁጥር ያስፈልግ ነበር። ክሮፕ ፋክተር የገነነው ያኔ ነው።

ደረጃ 1፦ የሴንሰራችሁን መጠን ፈልጉ

የካሜራችሁን ማኑዋል ወይም የአምራቹን የስፔስፊኬሽን ገጽ ክፈቱ። ስለ ኢሜጅ ሴንሰር የሚናገረው መስመር ላይ ሁለት ቁጥሮች በሚሊ ሜትር ተጽፈው ታገኛላችሁ። የምንፈልገው እነሱን ነው። ሜጋ ፒክሰሉን እለፉት። 24 ሜጋ ፒክሰል ትንሽ ሴንሰር ላይም ትልቅ ሴንሰር ላይም አለ፤ ስለ መጠኑ ምንም አይነግራችሁም።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሟችሁ መጠኖች እነዚህ ናቸው፦

- ሚዲየም ፎርማት (የፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ ዓይነቶቹ)፦ 43.8 በ 32.9
- ፉል ፍሬም፦ 36 በ 24
- ኤፒኤስ-ሲ (ኒኮን፣ ሶኒ፣ ፉጂፊልም)፦ ወደ 23.5 በ 15.6
- ኤፒኤስ-ሲ (ካኖን)፦ ወደ 22.3 በ 14.9
- ማይክሮ ፎር ትርድስ (ኦሊምፐስ፣ ፓናሶኒክ)፦ 17.3 በ 13
- 1 ኢንች የሚባለው፦ 13.2 በ 8.8

ከካሜራ ካሜራ የነጥብ ቤት ልዩነት አለ። የራሳችሁን ማኑዋል እመኑ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኪስ ካሜራዎችና የስልኮች ሴንሰር «1 ኢንች»፣ «1/2.3 ኢንች» እየተባለ ይጻፋል። ኢንቹን ወደ ሚሊ ሜትር ለውጣችሁ ሒሳብ ውስጥ እንዳታስገቡት። 1 ኢንች 25.4 ሚ.ሜ ነው፤ «1 ኢንች» የሚባለው ሴንሰር ግን ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ 16 ሚ.ሜ እንኳ አይሞላም። አጠራሩ የመጣው ከድሮ የቪዲዮ ካሜራዎች ነው። እነዚያ ካሜራዎች ምስል የሚቀበሉት በመስታወት ቱቦ ነበር፤ ኢንቹም የቱቦውን የውጭ ስፋት ነበር የሚናገረው። ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ ከዚያ በጣም ያንሳል። ቱቦው ከጠፋ ዘመናት አለፉ፤ አጠራሩ ግን ቀረ። ሁልጊዜ በሚሊ ሜትር የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ርዝመት አስሉ

ሴንሰሮችን የምናወዳድረው በዲያጎናላቸው ነው፤ ከአንዱ ጥግ በሰያፍ እስከ ተቃራኒው ጥግ ባለው ርዝመት ማለት ነው። የፓይታጎረስ ቀመር ይበቃናል። ወርዱን በራሱ አባዙ፣ ቁመቱን በራሱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን አውጡ።

ለፉል ፍሬም፦
36 × 36 = 1296
24 × 24 = 576
ድምሩ 1872
√1872 = 43.27 ሚ.ሜ

43.27 የማይለወጥ ቁጥር ነው፤ አንዴ ጻፉትና ያዙት።

አሁን የካኖንን ኤፒኤስ-ሲ እንውሰድ፦
22.3 × 22.3 = 497.29
14.9 × 14.9 = 222.01
ድምሩ 719.3
√719.3 = 26.82 ሚ.ሜ

ደረጃ 3፦ አካፍሉ

የፉል ፍሬሙን ዲያጎናል ለራሳችሁ ሴንሰር ዲያጎናል አካፍሉ።

43.27 ÷ 26.82 = 1.61

የካኖን ክሮፕ ካሜራ 1.6 የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። በዚሁ መንገድ 23.5 በ 15.6 የሆነው ሴንሰር ዲያጎናሉ 28.21 ይመጣል፤ ክሮፕ ፋክተሩ 1.53፣ በተለምዶ 1.5። ማይክሮ ፎር ትርድስ 21.64 ላይ 2 ይሆናል። 1 ኢንች የሚባለው 15.86 ላይ 2.7 ይደርሳል። ሚዲየም ፎርማቱ ደግሞ ዲያጎናሉ 54.78 ስለሆነ ውጤቱ 0.79 ነው። ከ1 ካነሰ ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ይበልጣል ማለት ነው።

ከነጥብ በኋላ አንድ ቁጥር ይበቃል። በ1.5 እና በ1.53 መካከል ያለው ልዩነት ፎቶ ላይ አይታይም።

ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው የፍሬሙ ቅርጽ ነው። ፉል ፍሬምና ኤፒኤስ-ሲ ሁለቱም 3 ለ 2 ናቸው፤ በወርድም በቁመትም ብታካፍሉ ያው ቁጥር ይመጣል። ማይክሮ ፎር ትርድስ ግን 4 ለ 3 ነው። በወርዱ ስታሰሉት 36 ÷ 17.3 = 2.08 ይመጣል። በቁመቱ 24 ÷ 13 = 1.85። በዲያጎናሉ ደግሞ 2። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት ግን የተለያየ ነገር ነው። ፎቶ አግድም ይዛችሁ ብዙ ሰው በአንድ ረድፍ ማስገባት ካለባችሁ የሚመለከታችሁ 2.08 ነው። ረጅም ሕንፃ ከላይ እስከ ታች ማስገባት ካለባችሁ 1.85 ነው። ለዕለት ተዕለት ሥራ 2 ብላችሁ ተገላገሉ።

ስፔኩ ካልተገኘ በሜትር ለኩት

ማኑዋሉ ጠፍቶ፣ ወይም ካሜራው አሮጌ ሆኖ የሴንሰሩ መጠን ካልተገኘ፣ በሜትርና በትራይፖድ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስፔኩን ብታውቁትም አንዴ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። በራሳችሁ እጅ ስትለኩት ነገሩ ያለ ማብራሪያ ይገባችኋል።

ካሜራውን ከግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ ትራይፖድ ላይ አቁሙ። ከግድግዳው 5 ሜትር ይራቅ። ሌንሱ 50 ሚ.ሜ ይሁን፤ ዙም ከሆነ 50 ላይ አድርጉት። ግድግዳው ላይ ፎከስ አድርጉ። ከዚያ አንድ ሰው ግድግዳው ላይ በፍሬሙ ግራ ጫፍና ቀኝ ጫፍ ልክ ምልክት ያድርግላችሁ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። 2.35 ሜትር መጣ እንበል።

የሴንሰሩ ወርድ = ፎካል ሌንግዝ × በግድግዳው ላይ የታየው ወርድ ÷ ርቀቱ

50 × 2.35 ÷ 5 = 23.5 ሚ.ሜ

36 ÷ 23.5 = 1.53። አለቀ። ክሮፑ 1.5 የሆነ ካሜራ ነው የያዛችሁት። ፉል ፍሬም ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ላይ 3.6 ሜትር ታገኙ ነበር። በጣም ቀርባችሁ አትለኩ። ሌንስ ለቅርብ ፎከስ ሲያደርግ የሚያሳየው ስፋት ትንሽ ይቀየራል፤ ሌንሱ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሜትርም የተጠጋጋ ቁጥር ነው። ስለዚህ 1.48 ወይም 1.57 ቢመጣ አትደናገጡ፤ 1.5 ነው።

ለስልክ ደግሞ ከዚህም ይቀልላል። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ፋይሉ ውስጥ ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ አንዱ የሌንሱ እውነተኛ ፎካል ሌንግዝ፣ ሌላው ወደ ፉል ፍሬም የተቀየረው። የፎቶውን ዝርዝር መረጃ የሚያሳይ አፕ ከፍታችሁ ሁለቱን አካፍሉ። የአይፎን 14 ፕሮ ዋና ካሜራ እውነተኛው ፎካል ሌንግዝ 6.86 ሚ.ሜ ነው፤ የተቀየረው 24። 24 ÷ 6.86 = 3.5። ፎቶውን ዙም ሳታደርጉ አንሱ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ይዛባል።

ደረጃ 4፦ በሌንሱ ላይ ተጠቀሙበት

ሁለት አቅጣጫ አለው። በእጃችሁ ያለው ሌንስ ምን ያህል እንደሚያሳይ ማወቅ ከፈለጋችሁ አባዙ። ፉል ፍሬም ላይ ያያችሁትን ስፋት በራሳችሁ ካሜራ ማግኘት ከፈለጋችሁ አካፍሉ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማካፈሉን ነው፤ ሌንስ ስትገዙ የሚያስፈልጋችሁ ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ወዳነሳነው 35 ሚ.ሜ እንመለስ። ክሮፑ 1.5 በሆነ ካሜራ ላይ 35 × 1.5 = 52.5። ክፍሉ ያልገባው ለዚህ ነው፤ ሰፊ የመሰላችሁ ሌንስ መደበኛ ሆኖባችኋል። ያን የ35 ስፋት ለማግኘት 35 ÷ 1.5 = 23.3። ስለዚህ የሚገዛው 23 ወይም 24 ሚ.ሜ ነው። ፉጂፊልም ለኤፒኤስ-ሲ ካሜራዎቹ 23 እና 56 የሚባሉ ሌንሶችን የሚሠራውም በዚህ ስሌት ነው። 23ቱ የ35ን፣ 56ቱ የ85ን ስፋት ይሰጣሉ።

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ 1.5 ላይ ከ27 እስከ 82.5 ያህል ያሳያል። ካኖን ላይ ከ29 እስከ 88። 300 ሚ.ሜ ቴሌ (ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ) ደግሞ 1.5 ላይ 450፣ 1.6 ላይ 480፣ ማይክሮ ፎር ትርድስ ላይ 600 ያህል ይሆናል።

«ይሄ ሌንስ ለክሮፕ ካሜራ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ማባዛት አያስፈልገውም» የሚል ነገር ደጋግሞ ይሰማል። ልክ አይደለም። ዲኤክስም (የኒኮን የክሮፕ ሌንስ) ይሁን ኢኤፍ-ኤስ (የካኖን)፣ ሌንሱ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሜትር እውነተኛው ፎካል ሌንግዝ ነው። ለክሮፕ ተሠራ ማለት የሚጥለው ክብ ምስል ትንሹን ሴንሰር ለመሸፈን ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ለክሮፕ የተሠራ 50 እና ለፉል ፍሬም የተሠራ 50፣ አንድ ክሮፕ ካሜራ ላይ ቢገጠሙ የሚያሳዩት ስፋት አንድ ነው።

ደረጃ 5፦ አፐርቸሩን አትርሱት

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ብዙ ክርክር የሚነሳውም በዚሁ ነው፤ ለሁለት ከፍለን እንየው።

አንደኛ፣ ኤክስፖዠር፤ ፎቶው የሚያገኘው የብርሃን ልክ ማለት ነው። ኤፍ 2.8 (የአፐርቸሩ ልክ)፣ ሻተር 1/200 (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ በሰከንድ)፣ አይኤስኦ 400 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ብላችሁ ብታነሱ፣ በፉል ፍሬምም በክሮፕም በማይክሮ ፎር ትርድስም የፎቶው ብሩህነት አንድ ነው። የኤፍ ቁጥር የሚናገረው በእያንዳንዷ የሴንሰር ሚሊ ሜትር ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያርፍ ነው። ሴንሰሩ ቢሰፋም ቢጠብም ያ አይለወጥም። ስለዚህ ለኤክስፖዠር ስትሉ አፐርቸሩን በክሮፕ ፋክተር አታባዙ። የብርሃን መለኪያ መሣሪያ ያነበበላችሁን ቁጥር እንዳለ አስገቡት።

ሁለተኛ፣ የባክግራውንድ ብዥታ። እዚህ ላይ ማባዛት ያስፈልጋል። ክሮፑ 1.5 በሆነ ካሜራ ላይ 50 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8 ሌንስ ይዛችሁ የሰው ፊት አነሳችሁ እንበል። ከዚያው ከቆማችሁበት ቦታ፣ ያንኑ ፍሬም በፉል ፍሬም ለማግኘት 75 ሚ.ሜ ያስፈልጋችኋል። ያንኑ ብዥታ ለማግኘት ደግሞ 1.8 × 1.5 = ኤፍ 2.7።

ለምን? የኤፍ ቁጥር ማለት ፎካል ሌንግዙ ለአፐርቸሩ ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል የሚመጣው ውጤት ነው። እስቲ ቀዳዳዎቹን እናስላ።

50 ÷ 1.8 = 27.8 ሚ.ሜ
75 ÷ 2.7 = 27.8 ሚ.ሜ

ቀዳዳው አንድ ነው! አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ አንድ ዓይነት ፍሬም ይዛችሁ፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ እኩል ከሆነ ብዥታውም እኩል ይሆናል። ለእኔ የክሮፕ ፋክተር ነገር ሁሉ የሚጠቀለለው በዚች ስሌት ውስጥ ነው። ፉል ፍሬም ብዥታ የሚያበዛው ሴንሰሩ የተለየ ተአምር ስላለው አይደለም። ያንኑ ፍሬም ለመሙላት ረዘም ያለ ሌንስ ስለምትገጥሙ፣ በዚያው የኤፍ ቁጥር ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ኖይዝ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ። በእያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን እኩል ቢሆንም፣ ትልቁ ሴንሰር ሚሊ ሜትሩ ይበዛል፤ በድምሩ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ምን ያህል? ክሮፕ ፋክተሩን በራሱ አባዙት። 1.5 × 1.5 = 2.25 እጥፍ፤ ይህ ከአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ትንሽ ይበልጣል። 1.6 ከሆነ 2.56 እጥፍ። 2 ከሆነ 4 እጥፍ፣ ማለትም ሁለት ስቶፕ። ሁለቱ ሴንሰሮች በቴክኖሎጂ የአንድ ዘመን ከሆኑ፣ ክሮፑ ላይ አይኤስኦ 400 የሚሰጠው ኖይዝ ፉል ፍሬሙ ላይ አይኤስኦ 900 አካባቢ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። አዲስ ክሮፕ ካሜራ ከአሮጌ ፉል ፍሬም ጋር ሲወዳደር ግን ይህ ስሌት ላይሠራ ይችላል።

ይህን ካወቃችሁ የማስታወቂያ ቁጥር አያሳስታችሁም። ረጅም ዙም ያላቸው የኪስ ካሜራዎች ሳጥን ላይ «25-600 ሚ.ሜ ኤፍ 2.8» የሚል ታያላችሁ። ሚሊ ሜትሩ ወደ ፉል ፍሬም ተቀይሮ ተጽፏል። ኤፍ ቁጥሩ ግን አልተቀየረም። ሴንሰሩ «1/2.3 ኢንች» ከሆነ ክሮፑ 5.6 ነው፤ ብዥታውና የሚሰበስበው ጠቅላላ ብርሃን ፉል ፍሬም ላይ ከኤፍ 16 ጋር ይቀራረባል። ለኤክስፖዠር ኤፍ 2.8 መሆኑ እውነት ነው። 600 ሚ.ሜ ኤፍ 2.8 የሆነ የፉል ፍሬም ሌንስ የሚሰጠውን ዓይነት ብዥታ ግን አትጠብቁ። ስልክ ላይም ያው ነው። ያ ኤፍ 1.78 የሆነው የአይፎን ሌንስ በ3.5 ሲባዛ 6.2 ይመጣል። ስልኮች የፖርትሬት ብዥታን በሶፍትዌር የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ፊት ያበላሻል የሚባለውስ?

ክሮፕ ካሜራ የፊትን ቅርጽ አይቀይርም። ሌንስም አይቀይረውም። አፍንጫ ጎልቶ፣ ጆሮ ወደ ኋላ ሸሽቶ የሚታየው በጣም ስትቀርቡ ነው፤ የሚወስነው በእናንተና በሰውየው መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው። ክሮፕ ካሜራ ላይ 50ውን ስትገጥሙ ፍሬሙ ስለሚጠብባችሁ ራቅ ብላችሁ ትቆማላችሁ። በመራቃችሁም ፊቱ ያምራል። ለክሮፕ ካሜራ 50 ሚ.ሜ ጥሩ የፊት ሌንስ የሚባለው በዚህ የተነሳ ነው፤ ትክክልም ነው።

ሻተር

ካሜራ በእጅ ይዞ ሲነሳ ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥ የቆየ ልማድ አለ፤ የሻተሩ ፍጥነት 1 ለፎካል ሌንግዙ ተካፍሎ ከሚመጣው (ለ50 ሚ.ሜ 1/50) አይነስ ይባላል። ይህ የተለመደው በፉል ፍሬም ነው። ክሮፕ ላይ የእጃችሁም መንቀጥቀጥ አብሮ ስለሚጎላ አባዝታችሁ ያዙት። 50 ሚ.ሜ በ1.6 ከሆነ 1/80፣ 200 ሚ.ሜ ከሆነ 1/320። ስታብላይዘር (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ) ካላችሁ ከዚያ ዝቅ ማለት ይቻላል። የሚሮጥ ልጅ ላይ ግን ስታብላይዘር አይረዳችሁም፤ ሻተሩን ራሱን ማፍጠን ነው።

ክሮፕ ካሜራ ሩቁን ያቀርባል?

ወፍና ስፖርት የሚያነሱ ሰዎች ክሮፕ ካሜራ ይወዳሉ፤ 300ው 450 ያህል ስለሚሆንላቸው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን የሴንሰሩ ማነስ ሳይሆን የፒክሰሎቹ መጠጋጋት ነው። ባለ 24 ሜጋ ፒክሰል ፉል ፍሬም ፎቶ ወስዳችሁ በክሮፕ 1.5 ልክ ብትቆርጡት 24 ÷ 2.25 = 10.7 ሜጋ ፒክሰል ይቀራችኋል። ክሮፕ ካሜራው ግን በዚያው ቦታ ላይ 24 አለው። እዚህ ክሮፑ አሸነፈ። ፉል ፍሬሙ 45 ሜጋ ፒክሰል ቢሆንስ? 45 ÷ 2.25 = 20። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ። ስለዚህ ለሩቅ ነገር ካሜራ ስትመርጡ ክሮፑን ብቻ አትዩ፤ ይህችን ማካፈል ሥሩ።

ቪዲዮ ላይ ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል

ፎቶ ስታነሱ የነበረው ስፋት ቪዲዮ ስትከፍቱ ድንገት ሊጠብ ይችላል። አንዳንድ ካሜራዎች 4ኬ ሲቀርጹ ሙሉውን ሴንሰር ሳይሆን መሀሉን ብቻ ይጠቀማሉ። ሴንሰሩ በወርዱ 6000 ፒክሰል ካለውና ለ4ኬ የሚወስደው መሀል ያለውን 3840 ብቻ ከሆነ፣ 6000 ÷ 3840 = 1.56 ሌላ ክሮፕ ተጨመረ ማለት ነው። በላዩ ላይ የካሜራው የራሱ 1.6 አለ። ሁለቱን አትደምሩ፤ አባዙ። 1.56 × 1.6 = 2.5። ሰፊ የነበረው 24 ሚ.ሜ ሌንሳችሁ 60 ያህል ሆነ። ዲጂታል ስታብላይዘሩን ስታበሩም ሌላ መቁረጥ ይጨመራል። ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራውን በእጃችሁ ካገኛችሁት አንድ ቦታ አቁሙት፣ ፎቶ አንሱ፣ ሳትነቀንቁት ቪዲዮ ቅረጹና የሁለቱን ግራና ቀኝ ጫፍ አወዳድሩ። ከላይና ከታች መቆረጡ የ16 ለ 9 ቅርጽ ያመጣው ነው፤ ከጎን ከተቆረጠ ግን ክሮፕ አለ።

በተቃራኒው ስፋቱን የሚመልስ አስማሚም አለ። ስፒድ ቡስተር የሚባለው ከፉል ፍሬም ሌንስ የሚወጣውን ክብ ምስል ጨምቆ ትንሹ ሴንሰር ላይ ያሳርፈዋል። የተለመደው 0.71 የሚባለው ነው። 1.5 × 0.71 = 1.07፤ ፉል ፍሬም ደረሳችሁ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ብርሃኑም አብሮ ስለሚጨመቅ ኤፍ 1.8 ሌንስ ኤፍ 1.3 አካባቢ ይሆናል፤ ይህ ለኤክስፖዠርም እውነት ነው። የሚሠራው ግን መስታወት በሌላቸው (ሚረርለስ በሚባሉት) ካሜራዎች ላይ፣ ለፉል ፍሬም ከተሠራ ሌንስ ጋር ነው።

የሌላ ሰው ሴቲንግ ወደ ራሳችሁ ካሜራ መቀየር

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ እንሥራ። ያማረ የፊት ፎቶ አያችሁ። ሥሩ ላይ ፉል ፍሬም፣ 85 ሚ.ሜ፣ ኤፍ 2፣ 1/200፣ አይኤስኦ 800 ይላል። የእናንተ ካሜራ ክሮፑ 1.6 ነው።

ፎካል ሌንግዙን አካፍሉ፤ 85 ÷ 1.6 = 53። በእጃችሁ ያለው 50 ይበቃል። አፐርቸሩን አካፍሉ፤ 2 ÷ 1.6 = 1.25። አይኤስኦውን ለክሮፑ ስኩዌር አካፍሉ፤ 800 ÷ 2.56 = 312፣ ቅርቡ 320። ሻተሩን አትንኩት፤ እንቅስቃሴን የሚያቆመው ጊዜ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ሴንሰር አይለይም። ስለዚህ 50 ሚ.ሜ፣ ኤፍ 1.2፣ 1/200፣ አይኤስኦ 320። ያው ቦታ ከቆማችሁ ፍሬሙም፣ ብዥታውም፣ ኖይዙም፣ ብሩህነቱም ይቀራረባል።

ሌንሳችሁ ከኤፍ 1.8 በላይ የማይከፈት ከሆነ 1.8 × 1.6 = 2.9 ላይ ናችሁ፤ ብዥታው ከፎቶው ያንሳል። አይኤስኦውንም ወደ 640 ከፍ ማድረግ አለባችሁ። ያጣችሁትን ብዥታ ለማካካስ ሰውየውን ከባክግራውንዱ አርቁት። ግድግዳ ተደግፎ የቆመን ሰው ሦስት አራት ሜትር ወደ እናንተ እንዲጠጋ አድርጉ፣ እናንተም በዚያው ልክ ወደ ኋላ በሉ። ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ከዚያም አርቁት።